የዋጉ ንጉሥ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስና የጠመንጃው ነገር

ታሪክን ከመጽሐፍ አንብቦ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ብዙው ሰው ያለፈውን ዘመን የሚያውቀው በፊልም፣ በቴሌቪዥን ድራማና በቴአትር መድረክ አይቶ ነው። ዐይን ያየውን ልብ ቶሎ አይረሳውምና፣ አንድ ፊልም በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚተክለውን አሳብ መምህር ዓመት ሙሉ ደክሞ አይነቅለውም። ስለዚህ የታሪክ ፊልም የሚሠራ ሰው ከባድ ዐደራ ተሸክሟል ማለት ነው። ልብሱን፣ ቤቱን፣ የፈረሱን ዕቃና የንግግሩን ወግ ለማስተካከል ሲደክም ሳለ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በወታደሩ እጅ የሚታየው ጠመንጃ ነው።

ጠመንጃ ከተኰሰ ዓይነቱ ምን ያደርጋል የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ግን የጠመንጃው ዓይነት ከጌጥነት አልፎ የታሪኩ ምክንያት የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ እናምናለን። ለዚህም ምስክር እንዲሆነን ዛሬ ከዋግ ደጋ፣ ከሰቆጣ ምድር ተነሥተው የኢትዮጵያን ዘውድ የደፉትን፣ ዘውዱንም በሦስት ዓመት ውስጥ ያጡትን የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ሕይወት ለአንባቢዎቻችን እንተርካለን። የእኚህን ንጉሥ ታሪክ በፊልም ለማሳየት የሚነሣ ሰው፣ ጠመንጃውን ከሳተ፣ የቀረውን ሁሉ አሳምሮ ቢሠራ እንኳ ታሪኩን ስቶታል።

ዋግና ሰቆጣ

ዋግ ከላስታ በስተ ሰሜን የሚገኝ፣ የተከዜና የጸለሪ ወንዞች የሰነጠቁት፣ ደጋው ገደላም፣ ቈላው ደረቅና የንብ ማር የበዛበት አገር ነው። ሕዝቡ አገው ኽምራ ሲሆን ቋንቋው ኽምጣኛ ይባላል። ዋና ከተማው ሰቆጣ ከጥንት ጀምሮ በገበያው የታወቀ ነበረ። ከአፋር በረሓ ተቈርጦ በትግራይ በኩል የሚመጣው አሞሌ ጨው በሰቆጣ ገበያ እየተሸጠ ወደ ላስታና ወደ ሌላውም አገር ይሻገር ነበር። በዚያ ዘመን አሞሌ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ስለ ነበረ፣ ሰቆጣን የያዘ ሹም ከግምጃ ቤት ደጃፍ ላይ እንደ ተቀመጠ ይቈጠር ነበር።

የዋግ ገዥ የማዕርግ ስሙ ዋግሹም ነው። ዋግሹሞች ትውልዳቸውን ላሊበላን ካነጹት ከዛጔ ነገሥታት ይቈጥራሉ። እንደሚነገረው፣ ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ. ም. መንግሥቱን በያዙ ጊዜ የዛጔ ዘሮች ዋግን በርስትነት እንዲገዙ፣ በንጉሠ ነገሥቱም ፊት በብር ወንበር እንዲቀመጡ ተፈቀደላቸው። ይህ ክብር ለስድስት መቶ ዓመት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖረ። እንግዲህ አንድ ዋግሹም ዘውድ ቢመኝ፣ በራሱ ዐይን ሲታይ፣ ከአባቶቹ እጅ የወጣውን ዕቃ መልሶ እንደ መፈለግ ነው እንጂ የሰው ገንዘብ እንደ መመኘት አልነበረም።

አባትና ልጅ

ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ በመጀመሪያ ስማቸው ጎበዜ ይባሉ ነበር። አባታቸው ዋግሹም ገብረ መድኅን ነበሩ፤ በእናታቸውም በኩል ከጎንደር ነገሥታት ዘር ይወለዳሉ። ስለዚህ በአንድ ሰው ደም ውስጥ የላሊበላና የጎንደር ዘውድ ተገናኝተው ነበር ማለት ይቻላል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ. ም. ነግሠው በየአውራጃው ተከፋፍሎ የነበረውን ሥልጣን በአንድ እጅ ለመሰብሰብ ሲነሡ፣ የየአገሩ ባላባት አንገቱን ወይ አጐነበሰ ወይ ሸፈተ። ዋግሹም ገብረ መድኅንም ከንጉሡ ጋር ተጣልተው በንጉሡ ትእዛዝ በሞት ተቀጡ። ልጃቸው ጎበዜ የአባታቸውን ደም በልባቸው ይዘው ኖሩ። የ1850ዎቹ ዓመታት ከተጋመሱ በኋላ በዋግና በላስታ ተራሮች ሸፈቱ። የዐፄ ቴዎድሮስ ኀይል እየደከመ፣ ግዛታቸውም ወደ መቅደላ አምባ እየጠበበ ሲሄድ፣ የዋግሹም ጎበዜ ግዛት እየሰፋ ሄደ። የትግራዩ ካሣ ምርጫም፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የተባሉት፣ በመጀመሪያ ከጎበዜ ጋር ወግነው ነበር፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ተለይተው ትግራይን ለራሳቸው ያዙ።

በዚህ ጊዜ በዋግሹም ጎበዜ ሠራዊት እጅ የነበረው መሣሪያ ምን ዓይነት ነው? ከሁሉ የሚበዛው ጦርና ጋሻ፣ ጎራዴና ፈረስ ነበረ። ጠመንጃ የያዘውም ሰው የያዘው ወይ ክር እየለኰሱ የሚተኵሱትን የጥንቱን ነፍጥ፣ ወይም ደግሞ መዶሻው ትንሽ የመዳብ ቆብ መትቶ እሳት የሚሰጠውን፣ ነገር ግን እንደ ነፍጡ በአፈሙዙ የሚጐርሰውን ጠመንጃ ነበረ። የእነዚህ ጠመንጃዎች አተኳኰስ እንደ ዛሬው አይደለም። ተኳሹ ጠመንጃውን አቁሞ ባሩዱን በአፈሙዙ ያፈስሳል፤ እርሳሱን ይጨምራል፤ በረጅም ዘንግ ይጠቀጥቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው አነጣጥሮ የሚተኵስ። የሠለጠነ ሰው እንኳ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ አይተኵስም። ያልሠለጠነው አንድ ጊዜ ተኵሶ እንደ ገና እስኪያጐርስ ድረስ ፈረሰኛው ይደርስበታል። አገራችን እንዲህ ያለውን መሣሪያ በጨዋታ ቆመህ ጠብቀኝ ብሎ የሰየመው በከንቱ አይደለም።

ዋግ ስለ ምን ጠመንጃ አነሰው ቢሉ፣ መልሱ በካርታ ላይ ይገኛል። በዚያ ዘመን ጠመንጃ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የሚገባው በምጽዋ በር ነበር። ከምጽዋ ወደ ሰቆጣ የሚወስደው መንገድ በትግራይ ውስጥ ያልፋል። ከጎንደር ነገሥታት መድከም ጊዜ ጀምሮ፣ ከራስ ሚካኤል ስሑል አንሥቶ እስከ ደጃዝማች ውቤ ድረስ፣ የትግራይ ገዦች በነፍጥ ብዛት የሚታወቁት በሩ በእጃቸው ስለ ነበረ ነው። የዋግ ሹም አሞሌውና ማሩ ሞልቶ ቢተርፈው፣ ጠመንጃውን ግን ጎረቤቱ ካላሳለፈለት አያገኝም።

ሰናድር በመቅደላ ሥር

በ1860 ዓ. ም. ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደር ይዞ፣ ከባድ መድፎቹን ከሕንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች አስጭኖ፣ ከዙላ ወደብ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ዘመተ። መንገዱ በትግራይና ዋግሹም ጎበዜ በሚገዙት አገር ውስጥ ያልፍ ነበር። ሁለቱም ገዦች እንግሊዝን አልወጉም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ የሁለቱም ጠላት ነበሩና።

በዚህ ዘመቻ አገራችን አንድ አዲስ መሣሪያ አየች። ከእንግሊዝ ወታደሮች ብዙዎቹ የያዙት ስናይደር የሚባለውን፣ በኋላ በእኛ አገር ሰው አፍ ሰናድር የተባለውን ጠመንጃ ነበር። ሰናድር ጥይቱን የሚጐርሰው በአፈሙዙ ሳይሆን ከበስተ ኋላው ነው። ባሩዱ፣ እርሳሱና እሳት መስጫው በአንድ ቀለህ ውስጥ የታሸጉ ስለ ሆኑ፣ ተኳሹ መጠቅጠቂያ ዘንግ አያስፈልገውም፤ ተኝቶም ያጐርሳል። የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ እስከ ዐሥር ጊዜ ይተኵስበታል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ. ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከመቅደላ ወርዶ በአሮጌ ሜዳ ላይ በጀግንነት ሲወረወር፣ ሰናድርና ሮኬት ጠበቀው። ከእኛ ወገን 700 ያህል ሰው ሲሞት፣ ከእንግሊዝ ወገን የቈሰለው 20 ያህል ሰው ነበረ፤ ከቈሰሉትም የሞቱት ሁለት ብቻ ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ታላቁ ሴባስቶፖል በዚያ ቀን አልረዳቸውም። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ።

ናፒየር አገሩን ለቆ ከመሄዱ በፊት ሁለት ነገር አደረገ። ለዋግሹም ጎበዜ ወገን የመቅደላን አምባ እንዲይዙ አሳብ አቀረበላቸው፤ እንደሚተረከው ግን የጎበዜ ወገን ከአምባው ይልቅ የቴዎድሮስን መድፍ ይመኝ ነበር። መድፎቹም በእንግሊዞች እጅ ተሰባበሩ፤ አምባውም ተቃጠለ። ወደ ባሕር ሲመለስ ደግሞ፣ በመንገዱ ላይ ስንቅና ረድኤት ለሰጡት ለትግራዩ ለካሣ ምርጫ ስጦታ ተወላቸው። ስጦታውም 6 ሞርታር፣ 6 ሃዊትዘር መድፍና ወደ 850 የሚጠጋ ጠመንጃ ከነባሩዱና ከነጥይቱ ነበረ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር አለ። እንግሊዝ ለካሣ ከተወችው ጠመንጃ አብዛኛው በአፈሙዙ የሚጐርሰው፣ ለእርስዋ ያረጀው ጠመንጃ ነበረ። አዲሱን ሰናድር ይዛ ሄደች። ይሁን እንጂ ለአውሮፓ ያረጀው መሣሪያ፣ ጦርና ጋሻ በሚበዛበት ሜዳ ላይ ብዙ ነበረ።

የሦስት ዓመት ንግሥና

ዐፄ ቴዎድሮስ በሞቱበት ዓመት ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በጎንደር ዘመን በዚሁ ስም የነገሡ ንጉሥ ስለ ነበሩ፣ የታሪክ ጸሐፊዎች ዳግማዊ ይሏቸዋል። ከጎንደር ዘመን ጋር መዛመዳቸውን ለማሳየት በቴዎድሮስ ጊዜ የተጎዱትን የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያስጠግኑ ጀመር። ጎጃምን ለመያዝ ከአዳል ተሰማ ጋር በጋብቻ ተዛመዱ። ራሳቸውም የካሣ ምርጫን እኅት ወይዘሮ ድንቅነሽን አግብተው ነበር። አገርን በጦር ብቻ ሳይሆን በአማችነት ማሰር የመሳፍንት ሁሉ ጥበብ ነበረና፣ የዋጉ ንጉሥም በዚህ ጥበብ አልታሙም።

ነገር ግን ሁለት ነገር ጐደላቸው። የመጀመሪያው ጳጳስ ነው። አቡነ ሰላማ በመቅደላ እስር ቤት በ1860 ዓ. ም. ስላረፉ፣ ንጉሡን ቀብቶ የሚያነግሥ ጳጳስ በአገሩ አልነበረም። ካሣ ምርጫ ወደ ግብፅ ገንዘብና መልእክተኛ ልከው አቡነ አትናቴዎስን በ1861 ዓ. ም. አስመጡ፤ ጳጳሱም በትግራይ ተቀመጡ። እንግዲህ ዘውዱ በአንድ ሰው ራስ ላይ፣ ቅብዐ መንግሥቱ በሌላው ሰው ደጅ ሆነ።

ሁለተኛው የጐደላቸው መሣሪያና ሥልጠና ነው። በትግራይ ጆን ከርክሃም የሚባል እንግሊዛዊ ወታደር የካሣን ነፍጠኞች በሰልፍ መቆምን፣ በትእዛዝ ማጐረስንና በአንድነት መተኰስን ያስተምር ነበር። ይህ ነገር ከጠመንጃው ቍጥር ይልቅ ይከብዳል። በአፈሙዙ የሚጐርስ ጠመንጃ ጉድለቱ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ነው። አንዱ ረድፍ ሲተኵስ ሌላው ረድፍ የሚያጐርስ ከሆነ ግን ሜዳው ከእሳት ባዶ አይሆንም። ቆመህ ጠብቀኝ የተባለው ጠመንጃ በሠለጠነ ሰልፍ እጅ ሲገባ የማይጠበቅ ሆነ።

የአሰም ወንዝ ጦርነት

ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ አማቻቸው እንዲገብሩ ጠየቁ፤ ካሣ አልገብርም አሉ። በ1863 ዓ. ም. ክረምት መግቢያ ላይ ንጉሡ ስድሳ ሺህ ያህል የሚገመት ሠራዊት አስከትለው ወደ ትግራይ ዘመቱ። የካሣ ሠራዊት ዐሥራ ሁለት ሺህ ያህል ብቻ ነበረ። ለአንዱ የትግራይ ወታደር አምስት የንጉሥ ወታደር ይደርስበታል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ በጎንደርም በሰቆጣም የተቀመጠ ሰው ማን እንደሚያሸንፍ ቢጠየቅ፣ መልሱ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

ሐምሌ 1863 ዓ. ም. ሁለቱ ሠራዊት በዐድዋ አጠገብ በአሰም ወንዝ ላይ ተጋጠሙ። የንጉሡ ሰዎች በአባቶቻቸው ወግ በፈረስና በጦር ሜዳውን ለመሙላት ተወረወሩ። የካሣ ሰዎች ግን በመድፍና በጠመንጃ ሰልፍ ተቀበሏቸው። ብዙ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ የስድሳው ሺህ ሠራዊት ተፈታ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተማረኩ። ከዚያ ወዲያ የዋጉ ንጉሥ ዐይናቸው ጠፍቶ በትግራይ ታሰሩ፤ ከሁለት ዓመት ያህል በኋላም በእስር ሳሉ ዐረፉ። ወይዘሮ ድንቅነሽ በባልና በወንድም መካከል የወደቀው ሐዘን ሁሉ ደረሰባቸው። ካሣ ምርጫም በጥር 1864 ዓ. ም. በአክሱም ተቀብተው ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ።

የአንድ ሰው ሕይወት እንዲህ ሆኖ አለቀ። እኚህ ንጉሥ በዘር አልታሙም፤ በጀግንነት አልታሙም፤ በሠራዊት ብዛት ደግሞ ማንም አልተወዳደራቸውም። የጎረቤታቸው እጅ ምን እንደ ያዘ በትክክል አለመመዘን ግን ዘውዳቸውንና ዐይናቸውን አሳጣቸው።

ይህ ታሪክ ፊልም ቢሆን

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገራችን እንመለስ። አንድ ወጣት የፊልም አዘጋጅ ይህን ታሪክ ሊሠራ ተነሣ እንበል። ስድሳውን ሺህና ዐሥራ ሁለቱን ሺህ በአንድ ዓይነት ጠመንጃ አስታጥቆ ቢያዋጋቸው ተመልካቹ ምን ይላል? ብዙው እንዴት በጥቂቱ ተሸነፈ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ፊልሙ መልሱን ስላላሳየው ራሱ ፈልጎ ይመልሳል። አንዱ የዋግና የላስታ ሰው ፈሪ ነበረ ይላል። ሌላው ንጉሡ ሞኝ ነበሩ ይላል። ሦስተኛው የእግዚአብሔር ቍጣ ነው ብሎ ያልፋል። የሰቆጣ ልጅ በሲኒማ ቤት ተቀምጦ፣ አያቶቹ በጦርና በጋሻ በመድፍ አፍ ላይ መወርወራቸውን ሳያይ፣ ስማቸው በከንቱ ሲወድቅ ያያል። የዐድዋም ልጅ ቢሆን አይጠቀምም፤ የካሣ ምርጫ አርቆ አሳቢነት፣ ስጦታውን ለመቀበል የወሰዱት ጥንቃቄና ነፍጠኛቸውን ለማሠልጠን የደከሙት ድካም ሁሉ ከፊልሙ ጠፍቶ፣ ድሉ እንደ ዕጣ የወጣ ይመስላል። አንድ የተሳሳተ ጠመንጃ ሁለቱንም ወገን በደለ ማለት ይህ ነው።

ስሕተቱ ከየት ይመጣል? ከሁሉ የሚቀርበው ከቦታው ስም ነው። በአሰም ወንዝ ጦርነትና በታላቁ የዐድዋ ድል መካከል ያለው 25 ዓመት ብቻ ነው። ቦታው ያው ዐድዋ ነው፤ ተራራውም ልብሱም ይመሳሰላል። የዋግ ሰው በሁለቱም ላይ ነበረበት፤ በ1888 ዓ. ም. ዋግሹም ጓንጉል ሠራዊታቸውን ይዘው ከጣልያን ጋር ተዋግተዋል። ስለዚህ ለዐድዋው ድል የተዘጋጀውን ዕቃ ለአሰሙ ጦርነት ማዋል ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በ25 ዓመት ውስጥ የኢትዮጵያ ጠመንጃ ፈጽሞ ተለውጦ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በኅዳር 1868 ዓ. ም. በጉንደት፣ ቀጥሎም በዚያው ዓመት በጉራዕ ግብፆችን ድል አድርገው ሬሚንግተን የሚባለውን ከኋላው የሚጐርስ ጠመንጃ በሺህ በሺህ ማረኩ። ከዚያ በኋላ ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዩ ግራስ፣ ቬተርሊና ሌላውም ገባ። በዐድዋ ጊዜ በኢትዮጵያውያን እጅ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ እንደ ነበረ ይገመታል። እንግዲህ በ1863 ዓ. ም. ወታደር እጅ ሬሚንግተን ወይም ውጅግራ ማሳየት፣ ልጁን ከአባቱ በፊት እንደ ማስወለድ ነው። ለዐድዋም ጦርነት የጣልያኑን ወታደር በ1928 ዓ. ም. ወረራ ጊዜ በያዘው በካርካኖ ማስታጠቅ ያው ስሕተት ነው፤ በዐድዋ የባራትየሪ ሠራዊት የተዋጋው በቬተርሊ ነበርና።

ይህ ጕድለት የእኛ ብቻ አይደለም። በ1956 ዓ. ም. የወጣው ዙሉ የተባለው የታወቀ ፊልም፣ በ1871 ዓ. ም. በደቡብ አፍሪካ የተደረገውን ጦርነት ሲያሳይ፣ የጊዜውን የማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃ አቅርቦ ሳለ ለመኰንኖቹ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ የተሠራ የዌብሊ ሽጕጥ አስይዟቸዋል። በአሜሪካም የከብት ጠባቂዎች ፊልሞች ውስጥ በ1892 በአውሮፓ አቈጣጠር የወጣው የዊንቸስተር ጠመንጃ ከዚያ በፊት በተደረገ ታሪክ ላይ ደጋግሞ ይታያል። ልዩነቱ እነርሱ ታሪካቸውን የሚያርም ብዙ ሌላ ፊልምና ብዙ መጽሐፍ ያላቸው መሆኑ ነው። በእኛ አገር ስለ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ አንድ ፊልም ቢሠራ፣ ያ አንድ ፊልም ለብዙ ተመልካች የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ይሆናል።

ትክክለኛውን ለመሥራትስ ምን ያስፈልጋል? ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል የሚሉ ይሳሳታሉ። በንጉሡ ሠራዊት ውስጥ አብዛኛው ሰው ጦርና ጋሻ ይያዝ፤ ይህ እውነትም ነው፣ ርካሽም ነው። የቀሩት ጥቂቶች የሚይዙት ረጅም በአፈሙዙ የሚጐርስ ጠመንጃ ከእንጨትና ከብረት አስመስሎ ሊሠራ ይችላል። በወገባቸው ላይ የቀለህ ጥይት የተደረደረበት ዝናር አይታይ፤ በዚያ ጊዜ የሚያስፈልጋቸው የባሩድ መያዣ፣ የእርሳስ ከረጢትና መጠቅጠቂያ ዘንግ ነው። ከተኰሱ በኋላ ጢሱ ይታይ፤ ጢስ የሌለው ባሩድ በፈረንሳይ አገር የተገኘው ከአሰም ጦርነት 13 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በጥቁሩ ባሩድ ጊዜ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ከተተኰሰ ነጭ ጢስ ሜዳውን ሸፍኖ ወዳጅና ጠላት አይተያይም ነበር። ጊዜውም ክረምት መሆኑ አይዘንጋ፤ ባሩዱን ከዝናብ የሚሸሽግ ወታደር ማሳየት ከብዙ ንግግር ይበልጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተኳሹ ከተኰሰ በኋላ ሲያጐርስ ይታይ። ተመልካቹ ያንን ረጅም ጊዜ በልቡ እየቈጠረ ፈረሰኛው ሲቃረብ ቢያይ፣ የሰልፍ ሥልጠና ለምን ዘውድ እንደሚሰጥና እንደሚነሣ ያለ አስተማሪ ይገባዋል።

በትምህርት ላይ ያላችሁ ወጣቶች የፊልም ወይም የቴአትር ጽሑፍ ስትጀምሩ፣ ጦርነቱ የተደረገበትን ዓመት ካወቃችሁ በኋላ በዚያ ዓመት በየትኛው በር፣ በማን እጅ፣ ምን ዓይነት ጠመንጃ እንደ ገባ ጠይቁ። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየቤተ መዘክሩና በየባህል ጽሕፈት ቤቱ የምትሠሩ ወጣት ሹማምንት ደግሞ ሌላ ሥራ አለባችሁ። በየአብያተ ክርስቲያናቱ፣ በየአሮጌው ግምጃ ቤትና በየባላገሩ ቤት ያረጀ ጠመንጃ ይገኛል። እንዲህ ያለው ዕቃ በእጃችሁ ሲገባ አሮጌ ጠመንጃ ብላችሁ ጽፋችሁ አትለፉት። በአፈሙዙ የሚጐርስ ነው ወይስ ከኋላው? በብረቱ ላይ የተቀረጸ ዓመተ ምሕረትና የሠሪው ምልክት አለ ወይ? ከማን ቤት፣ ከየት አገር መጣ? እነዚህ ጥቂት መስመሮች ተጽፈው ከተቀመጡ፣ ነገ የሚመጣው የፊልም ሠሪ የሚጠይቀው አያጣም።

ሰቆጣ ዛሬም በተራሮቿ መካከል አለች። ከእርስዋ የወጣው ንጉሥ በእስር ከሞተ 150 ዓመት ቢያልፍም የፍርዱ ጉዳይ ገና በተመልካች ፊት ነው። በአሰም ወንዝ የወደቁት ሰዎች ራሳቸው ቀርበው ሊናገሩ አይችሉም። በእጃቸው የነበረውና ያልነበረው ጠመንጃ ግን ይመሰክርላቸዋል፤ እኛም ምስክሩን ሳንለውጥ ማቅረብ ይገባናል።